በአንድ ድምፅ ወይስ በሁለት?

የኬኒ ሮጀርስን ድምፅ የማያውቅ ከተሜ እኛ ሀገር ማግኘት ከባድ ነው። እንግሊዝኛው ‹ሃው አር ዩ› ላይ የሚያልቅበት እንኳ ኬኒ ሲከፈት ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል። ሰውየው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ አረፈ፤ ካሴቱም ከገበያ ጠፋ፤ ዘፈኑ ግን አለ።

እስቲ ዛሬ ከዶሊ ፓርተን ጋር የዘፈነውን ‹አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም› እናንሳ። ለፍቅሩ ብለን ሰምተነዋል፤ ለጭፈራው ብለን ሰምተነዋል። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ውስጥ ምን እየሠሩ ነው ብለን ግን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ዘፈኑን የጻፉት ቢጂስ በሚባለው ቡድን የምናውቃቸው ሦስቱ የጊብ ወንድማማቾች ናቸው። ርዕሱ የሄሚንግዌይ ልቦለድ ርዕስ ነው፤ በወራጅ ውኃ መሀል ያሉ ደሴቶች እንደማለት። ኬኒ መጀመሪያ የያዘው ብቻውን ነበር። ራሱ በኋላ ሲያወራ እንደኖረው፣ አራት ቀን ሙሉ ታግሎት በመጨረሻ ዘፈኑ ራሱ አስጠላው። ያኔ ነው ባሪ ጊብ ዶሊ ትምጣ የሚል ሐሳብ ያመጣው። መጣች፣ ዘፈነች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ዘፈኑ የአሜሪካው ቢልቦርድ ሰንጠረዥ አናት ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ያው ግጥም፣ ያው ዜማ፣ ያው ሰውዬ... ታዲያ ምን ተለወጠ?

ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ኬኒ ብቻውን ይጀምራል። ድምፁ ሻከር፣ ጎርነን ያለ፣ ገና ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ነው። የዶሊ ደግሞ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጫፉ ላይ የሚርገበገብ። ሸማኔ ብትጠይቁ ድርና ማግ ይላችኋል። አንዱ ያለ ሌላው ክር ነው፤ ጨርቅ አይሆንም።

አዝማቹ ላይ ሲገናኙ ዶሊ የኬኒን ዜማ አትደግምም። ከላዩ ጥቂት እርከን ከፍ ብላ የራሷን መስመር ትይዛለች። ቃሉ አንድ፣ ምቱ አንድ፤ ድምፁ ግን ሁለት። ሃርመኒ የሚሉት ነገር ይኼው ነው። በሁለቱ ድምፆች መሀል ካለው ርቀት፣ አንዳቸውም ለብቻቸው ያልዘፈኑት ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። ደሴቶቹም እንዲያው ናቸው፤ ውኃው አንድ፣ መሬታቸው ግን ለየብቻ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛውን ቤት ዶሊ ልትረከብ ስትል ዘፈኑ ከነመሠረቱ ይንቀሳቀሳል፤ መነሻ ድምፁ ከ‹ሲ› ወደ ‹ኤ ፍላት› ይዛወራል። ለእሱ ጉሮሮ የተመቸው ከፍታ ለእሷ ላይመች ይችላል። እና ‹እንደምንም ቻይው› አልተባለችም፤ ዘፈኑ እሷ ወደምትችልበት ዞረላት።

ወደኛ ስንመጣ የወንድና የሴት ዘፈን ባብዛኛው ቅብብል ነው። እሱ አንድ ቤት፣ እሷ አንድ ቤት፣ አዝማቹ ላይ ሁለቱም ያንኑ ዜማ። ይኼ ጉድለት አይደለም። የደጋው ሙዚቃችን ውበቱ ያለው በአንድ ዜማ ላይ በሚሠራው ጌጥ ነው፤ ማሲንቆውም ዘፋኙን ተከትሎ ያንኑ ዜማ በራሱ መንገድ ያስጌጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዘፈኑ ስንወጣ ነው። ‹በአንድ ድምፅ› ማለት እኛ ዘንድ ትልቅ ሙገሳ ነው። ስብሰባው በአንድ ድምፅ ያጸድቃል፤ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ይወስናል፤ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ። ሚስት የተለየ ሐሳብ ስታመጣ ‹ደፈረችው›፣ ልጅ ሲያመጣ ‹ባለጌ›፣ ሠራተኛ ሲያመጣ ‹አድመኛ›! ስለዚህ ወይ ተራ እንጠብቃለን፣ ወይ የሌላውን እንደግማለን፣ ወይ ዝም እንላለን። አብሮ እየዘፈኑ የራስን ድምፅ መያዝ የሚባል አራተኛ መንገድ ያለ አይመስለንም።

‹እሱ የፈረንጅ ነው፤ ለኛ ጆሮ አይሆንም› የሚል መቼም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ጋሞ ደጋ ላይ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ሰምተህ ታውቃለህ? እነዚያ በሽመናቸው የምናውቃቸው ሰዎች ተሰብስበው ሲዘፍኑ የተለያየ የድምፅ ድርሻ ይዘው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ነው። ከናሽቪል የመጣ ነገር አይደለም፤ የገዛ ባህላቸው ነው። ጆሯችን አይችልም ማለት አይቻልም፤ አላስለመድነውም እንጂ።

ዘፈኑ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ግጥሙ ሳሳ ያለ ነው፤ የዚያ ዘመን ኪቦርድም ስኳሩ በዝቶበታል። ሁለቱ ድምፆች ባይኖሩ ኖሮ የሚሰለቸው ለኬኒ ብቻ አይሆንም ነበር።

በሚቀጥለው ስትሰሙት አዝማቹ ላይ ኬኒን ተዉትና ዶሊን ብቻ ተከተሉ። ከዚያ ዶሊን ትታችሁ ኬኒን። አንዱ ሌላውን ለማስደሰት ብሎ ድምፁን አልጣለም፤ ልብለጥ ብሎም አልጮኸም። እያንዳንዳቸው የያዙትን ይዘው፣ የሌላውን ደግሞ እየሰሙ ነው የዘፈኑት። እኛስ? ማታ ራት ላይ፣ አባት፣ እናትና ልጅ በተቀመጡበት፣ እንዲህ ያለ ዘፈን የሚሰማባቸው ቤቶች ስንት ናቸው?