ስለ ግንባታ እንጨት ቅሪትና ስለ እንጉዳይ ድር

በአዲስ አበባ ሕንፃ በሚታነጽበት ቦታ ሁሉ፣ የኮንክሪቱ ሥራ ተፈጽሞ መወጣጫው በሚፈርስበት ጊዜ፣ የተሰበረው የባሕር ዛፍ አጣና፣ የተቆራረጠው ሞራሌና ምስማር የበሳሳው ጣውላ በአንድነት ተከምሮ ማገዶ ለመሆን ሲጠባበቅ ይታያል፤ እኔም ይህን ቅሪት እያስፈጨሁ፣ በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መካከል ተነጥፎ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ቁር የሚከለክል ሰሌዳ በእንጉዳይ አማካይነት ማበጀትን ሙያዬ ካደረግሁ ወዲህ፣ ከግብሩ ሁሉ ክቡድ ሆኖ ያገኘሁት እንጨቱን መምረጥ ነው።

የምንበላው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ሲሆን፣ ዋናው አካሉ ግን እጅግ የረቀቀ ነጭ ድር ሆኖ በእንጨቱ ውስጥ ይሰራጫል፤ እንጨቱንም ለሲሳዩ እየፈታ ሳለ ፍርፋሪውን እርስ በርሱ ስለሚያስተሳስረው፣ ሌላ ማጣበቂያ አያሻውም። ፍርፋሪው በውሃ ከራሰ በኋላ፣ ባዕድ ሻጋታ እንዳይቀድም በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ሲበርድም የእንጉዳዩ ዘር ተቀላቅሎበት በቅርጽ ማውጫ ይሞላና፣ ሱባዔ እንደ ገባ ባሕታዊ፣ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጨለማ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይዘጋበታል። በመጨረሻ በሙቀት ደርቆ ሕይወቱ ካላለፈ፣ መብላቱንም ማፍራቱንም አይተውም።

ኢኮቬቲቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት ተመሥርቶ ይህን ጥበብ ለንግድ ያበቃው፣ ከእርሻ ተረፈ ምርት ነው። የግንባታ እንጨት ግን ታሪክ አለው። ኮንክሪት የሚፈስበት ጣውላ እንዳይጣበቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ የሲሚንቶው ቅሪት፣ ጥቂት አሲድነት የሚስማማውን እንጉዳይ ያውከዋል፤ ለምስጥ መከላከያ የተነከረ ምሰሶ ደግሞ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። እንጉዳይ ዘይትን እንኳ ይፈታል ብለው የሚከራከሩኝ ባልንጀሮች አሉ፤ ይህስ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በዘይቱ ውስጥ ያለውን እርሳስና ካድሚየም ሊፈታው አይችልም፤ ከሰሌዳውም ሥር ሕፃናት ይተኛሉ።

ሰሌዳው ፍጹም ነው አልልም። ሙቀትን በመከልከል ከፎም ጥቂት ስለሚያንስ፣ ወፈር ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ውሃም ጠላቱ ስለ ሆነ፣ በክረምት በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ባይነጠፍ ይሻላል። በእሳት ፊት ግን ፎም ቀልጦ ሲንጠባጠብ፣ እርሱ እየከሰለ ይዘገያል።

ስለዚህ የግንባታ ኃላፊዎችንና ፎርማኖችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መወጣጫው ሲፈርስ፣ ዘይት የነካውን ጣውላ ካልነካው አጣና ጋራ አትከምሩብን፤ አንድ ጊዜ ከተፈጨ በኋላ የሚለየው የለምና።