ክሬኑ ራሱ ከፍ የሚልበት ቀን

ታወር ክሬን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቶን ያነሳል?» ብሎ ነው። እኔ የማስበው ግን ስለሌላ ነገር ነው፤ ክሬኑ ራሱ እንዴት ወደ ላይ እንደሚያድግ።

በህንድ ጃሙና ካሽሚር የሚገኘውን የአንጂ ኻድ ድልድይ እንውሰድ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ በኬብል የተወጠረ የባቡር ድልድይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ተመረቀ። 96 ኬብሎቹ የሚታሰሩት በአንድ ምሰሶ ላይ ሲሆን፣ ምሰሶው ከመሠረቱ በላይ 193 ሜትር ይረዝማል። ለሥራው ከስፔን የመጣው ታወር ክሬን 40 ቶን የማንሳት ዐቅም አለው፤ በማንኛውም ታወር ክሬን ላይ ግን ሙሉው ዐቅም የሚገኘው ከማስቱ (ከክሬኑ ቋሚ ግንድ) አጠገብ ነው፣ ጭነቱ ወደ ክንዱ ጫፍ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል።

እንዲህ ባለ ከፍታ ክሬን ብቻውን አይቆምም። በየደረጃው ከሚሠራው ምሰሶ ጋር ይታሰራል። የተገለበጠ «ዋይ» ቅርጽ ባለው ምሰሶ ላይ እግሮቹ ዘንበል ስለሚሉ የማሰሪያው ብረት ርዝመት በየደረጃው ይለያያል፤ ግፊቱም ገና ሙሉ ጥንካሬውን ባላገኘ አርማታ ላይ ያርፋል። ባቡር ከባድ ነው፤ ስለዚህ የኬብል ማሰሪያው አካባቢ ፌሮው እጅግ ይጠቀጠቃል። የክሬኑ ማሰሪያ ቦታ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ካልተወሰነ በኋላ መብሳት መከራ ነው።

ከፍ የሚልበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ሸለቆ ውስጥ ቀኑ ሲሞቅ ነፋስ ይነሳል፤ ስለዚህ ሥራው ማለዳ ይጀመራል። ክንዱ በተወሰነለት አቅጣጫ ይቆማል፤ አንድ የማስት ክፍል ይንጠለጠልና በክንዱ ላይ የሚሄደው ጋሪ የፊቱና የኋላው ክብደት እኩል እስኪሆን ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የላይኛውን አካል ከማስቱ ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች ይፈታሉ። የላይኛው አካል በሙሉ ማስቱን በሚያቅፈው ማሳደጊያ ፍሬም ላይ ያርፋል፤ ሃይድሮሊክ ጃኩ ሲገፋ አዲሱ ክፍል በተከፈተው ቦታ ይገባል። ቡሎኖቹ እስኪጠብቁ ክንዱን ማዞር ክልክል ነው። ሚዛኑ ከተዛባ ፍሬሙ ላልተሠራለት ጭነት ይጋለጣል፤ ሰዎችም እዚያው ላይ ናቸው። በዚህ ሰዓት ሬዲዮው ላይ ከአንድ ሰው በቀር ማንም መናገር የለበትም ብዬ አጥብቄ እይዛለሁ።

ክሬኑ ሁልጊዜ ምሰሶውን ቀድሞ ማደግ አለበት። ማታ ሥራ ሲቆም የክንዱ ፍሬን ይለቀቃል፣ ነፋስ ወደፈለገበት እንዲያዞረው፤ መንገዱን ምሰሶም ሆነ ኬብል ሊዘጋበት አይገባም። ስለዚህ የማሰሪያው ከፍታ በወረቀት ላይ ሲወሰን ኦፕሬተሩ ከጠረጴዛው ዙሪያ መገኘት አለበት። ሌሊቱን ክንዱ በነጻ የሚዞርበትን ክብ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም።