አንዴ ብቻ የምትናገር መምህርት

ባለቀለም ቁርጥራጭ እንጨቶች ናቸው። ትንሹ ነጭ፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር፤ ትልቁ ብርቱካናማ፣ 10 ሴንቲ ሜትር። በመካከላቸው ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊውና ሌሎቹም አሉ። ዦርዥ ኩዊዝኔር የተባለ ቤልጅየማዊ የአንደኛ ደረጃ መምህር ለሒሳብ ትምህርት ነበር ያዘጋጃቸው። እስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ ደግሞ ቋንቋ ማስተማሪያ አደረጋቸው። ሳይለንት ዌይ የተባለውን ዘዴውን የሚያስረዳው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1963 ታተመ።

በዚህ ዘዴ የበሰለች የእንግሊዝኛ መምህርት የመጀመሪያዋን ሰዓት እንዴት እንደምትይዝ ልብ ብሎ ማየት ያስደስታል። አንድ እንጨት ታነሳና «ኤ ሮድ» ትላለች። አንዴ ብቻ። ሌላ ታነሳለች፤ አትናገርም፤ ዓይኗን ወደ ተማሪዎቹ ታዞራለች። አንዱ ይሞክራል፣ ሌላው ያቃናዋል። ቃሉ እንደማይደገም ስለሚያውቁ ጆሯቸው ነቅቷል። «ከእኔ በኋላ በሉ» ተብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያስተጋባ ግን፣ ማን በትክክል እንዳለው፣ ማን ከንፈሩን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ አይለይም።

እንጨቱ ሥዕል የለበትም። የአንበሳ ሥዕል ያየ ልጅ ስለ አንበሳ ያስባል፤ እንጨት ያየ ግን ከቀለሙና ከርዝመቱ በቀር የሚያስበው የለውም። ስለዚህ «ቀዩን ስጠው»፣ «ቀዩን ስጣት»፣ «ቀዩን ስጠኝ» ሲባል እንጨቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው ተቀባዩ ብቻ ነው። «ሂም»፣ «ሀር» እና «ሚ» ያለ ምንም ማብራሪያ ከእጅ ወደ እጅ ይለያሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የጣቶቿን ሥራ ነው። ተማሪው «ኢት — ኢዝ — ሬድ» እያለ ቃላቱን ሲጎትት እጇን ትዘረጋለች፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጣት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጣቶች ታጋጥማቸዋለች። «ኢትስ ሬድ» ይላል ተማሪው። ቃል ሲሳሳትም የዚያን ቃል ጣት ብቻ ትነካለች። ስሕተቱ የት እንዳለ አሳየችው፤ ምን እንደሆነ አልነገረችውም። ክፍተቷ ጠባብ ናት፤ ሙያው ግን እዚያች ውስጥ ነው ያለው።

የዚህ ዘዴ መምህራን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሏቸው ገበታዎችም ለእኛ ባዕድ አይደሉም። ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 ለዩኔስኮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቷል፤ ማንበብን በቀለም የማስተማር ሐሳቡ የመጣውም እዚያ በአማርኛ ላይ ከሠራው ሥራ ነው። የእንግሊዝኛን ድምፆችና አጻጻፎች የደረደረባቸው ገበታዎች ዛሬም ድረስ «ፊደል» ነው የሚባሉት። ይህ ውለታ በአገራችን እምብዛም አለመነሳቱ ይቆጨኛል። የእኛ የፊደል ገበታ ድምፁን በረድፍና በዓምድ አሰናድቶ ያቀርባል። እንግሊዝኛ ይህን ሥርዓት አልታደለም። «ሽ» የሚለው ድምፅ ሺፕ ላይ በኤስ እና ኤች፣ ሹገር ላይ በኤስ ብቻ፣ ማሺን ላይ በሲ እና ኤች፣ ኔሽን ላይ በቲ እና አይ ይጻፋል። ጋቴኞ አራቱንም በአንድ ቀለም ቀባቸው። ልጁ ሕግ ሳይሸመድድ ቀለሙን አይቶ ድምፁን ያወጣል። ከእነዚህ ሌላ ወደ 500 የሚጠጉ ቃላት የያዙ 12 የቃላት ገበታዎች አሉ፤ የሚበዙት እንደ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ዛት» ያሉ፣ ያለ እነሱ ዓረፍተ ነገር የማይቆም ቃላት ናቸው። የዕቃ ስም ማንም ከመዝገበ ቃላት ሊያገኝ ስለሚችል ይህን ምርጫ አደንቃለሁ።

ትምህርቱ ሲገፋ እንጨቶቹ ሌላ ነገር ይሆናሉ። አንዷ ተማሪ ቤቷን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ ብርቱካናማው ግድግዳ፣ ነጩ በር። ጓደኞቿ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ ወጥ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ነው ወይስ አጠገቡ? መልሱ ካላረካቸው እንጨቱን ራሳቸው ያዛውሩና ይከራከራሉ።

ዘዴው በሁሉም እጅ አይሠራም። ትዕግሥት የሌለው መምህር ዝም ሲል ተማሪው ይሸማቀቃል። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍልም ኋላ ለተቀመጠው 2 ሴንቲ ሜትር እንጨት አይታየውም። ለእንዲህ ያለው ክፍል የሰፈር አናጢ ትልልቅ እንጨት ቆርጦ ሊቀባ ይችላል። ለጣቶቹ ግን አናጢም በጀትም አያስፈልግም፤ የፈለገ መምህር ነገ ጠዋት ሊጀምር ይችላል።