በወሰን ውስጥ የሚገኝ ጊዜ፦ የ2019 የግሉኮስ ክትትል ስምምነት ከኢሉባቦር አንጻር ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ2019 ዳያቢቲስ ኬር በተባለው መጽሔት የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከቆዳ ሥር በሚገባ ሴንሰር ቀንና ሌሊት የሚለካውን የግሉኮስ መጠን ለመተርጐም የሚያገለግሉ ግቦችን አስቀምጧል። በሰነዱ መሠረት አብዛኛው የስኳር ሕመም ያለበት ጎልማሳ ከዕለቱ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን ግሉኮሱ ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ሊያሳልፍ ይገባል። ከ70 በታች የሚሆንበት ጊዜ ከ4 በመቶ፣ ከ54 በታች የሚሆንበት ደግሞ ከ1 በመቶ ማነስ አለበት። ተከታታይ የግሉኮስ መለኪያ በሀገራችን በስፋት የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ሆኖም ዘመድ ከውጭ የላከለት ሕመምተኛ መቱ፣ ጎሬ ወይም ቡሬ ላይ ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ ባለሙያው የሚያነበው ቁጥር በዚሁ ሰነድ የሚመዘን በመሆኑ፣ ሰነዱን መመርመሩ ተገቢ ነው።

የሰነዱ ጥንካሬ አማካይ ቁጥር የሚሸፍነውን ገልጦ ማሳየቱ ነው። ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚነግረን ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ብቻ ነው፤ ስኳሩ ሌሊት እየወረደ ቀን የሚወጣ ሰውና ቀኑን ሙሉ የተረጋጋ ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ። ማታ ኤንፒኤች ኢንሱሊን የሚወጋ ገበሬ መድኃኒቱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት አካባቢ ሲሆን፣ ማለዳ በባዶ ሆድ የሚደረገው ምርመራ ያንን ሰዓት አያሳይም። ከዚህም በላይ ወባ የቀይ የደም ሴሎችን ዕድሜ በማሳጠር የኤዋንሲን ውጤት ሐሰተኛ ዝቅታ ሲሰጠው፣ የብረት እጥረት ደም ማነስ በአንጻሩ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወባና ደም ማነስ በሚታወቁባቸው የኢሉባቦር ቆላማ ቀበሌዎች፣ በቀይ የደም ሴሎች ዕድሜ የማይዛባ መለኪያ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይጠቅማል። ሰነዱ በመቶኛውን ወደ ሰዓት መመንዘሩም ያስመሰግነዋል፤ 4 በመቶ በቀን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያነሰ ጊዜ ነው ሲባል ለሕመምተኛውም ለመረዳት ይቀላል።

ድክመቱ ግን ቁጥሩን ያየ ሰው እርምጃ ለመውሰድ አቅም አለው ብሎ መነሣቱ ነው። ግቦቹ የተመደቡት በዕድሜ፣ በእርግዝናና በተጋላጭነት ነው፤ ለየግለሰቡ እንዲስተካከሉም ሰነዱ ይመክራል። የኢንሱሊኑ ዓይነትና የምግብ ዋስትና ግን እንደ መመደቢያ አልተወሰዱም። ቅይጥ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው ጠዋት የወሰደውን መጠን እኩለ ቀን ላይ መቀነስ አይችልም። ቡና ለቀማ ላይ እያለ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ቢያይ፣ በእጁ ስኳር ከሌለ ማስጠንቀቂያው ጭንቀት ብቻ ይሆንበታል። ጿሚም ከሆነ፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ መጠንና ሰዓት አስቀድሞ ካልተስተካከለለት መሣሪያው ብቻውን አያድነውም።

ሁለተኛው ጉድለት መሣሪያውን ስለ መላመድ በቂ አለመናገሩ ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ደምን ሳይሆን በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከጣት ደም ውጤት በደቂቃዎች ይዘገያል። በዚህ ምክንያት ስኳሩ ወርዶበት 15 ግራም ስኳር የወሰደ ሰው፣ ደሙ ውስጥ ያለው ከፍ ካለ በኋላም መሣሪያው ዝቅታ ስለሚያሳየው ደጋግሞ ይበላል። ከምግብ በኋላ የወጣውን ቁጥር ለማውረድ ቀድሞ የተወጋው ሥራውን ሳይጨርስ ፈጣን ኢንሱሊን የሚደርብም ለአደጋ ይጋለጣል። በሴንሰሩ ላይ ተጋድሞ የሚተኛ ሰውም ሐሰተኛ ዝቅታ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ስሜቱና ቁጥሩ ካልተስማሙ በጣት ደም ማረጋገጥ ግዴታ መሆኑን ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን፣ ሕመምተኛው በሚናገረው ቋንቋ፣ በብዙዎች ዘንድ በአፋን ኦሮሞ፣ ሊያስረዳው ይገባል።

እንግዲህ ሰነዱ ለእኛ አይሆንም ማለት አይደለም። ለግምገማ የ14 ቀን መረጃ፣ ከዚያም ውስጥ 70 በመቶው ከተገኘ በቂ ነው ማለቱ ለአነስተኛ አቅም በር ይከፍታል። እንደ መቱ ካርል ያለ ሪፈራል ሆስፒታል ጥቂት ሴንሰሮች ቢያገኝ፣ ለዘወትር ጥቅም ሳይሆን ነፍሰ ጡር ለሆኑና የስኳር መውረድ ለማይሰማቸው ሕመምተኞች ለሁለት ሳምንት ሊያውላቸው ይችላል። ውጤቱ ሲነበብም ከወሰን በላይ ያለው ጊዜ ከመታየቱ በፊት ከ70 በታች ያለው ይታይ፤ የማታው መጠን ይስተካከል፤ ውሳኔውም ሕመምተኛው ለሚከታተልበት ጤና ጣቢያ በጽሑፍ ይድረስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ለግል መጠቀሚያ የሚሆኑ የግሉኮስ መለኪያዎችን አካቷል። በኢሉባቦር ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ ያልተቋረጠ ኢንሱሊን፣ ቀጥሎ የጣት ደም መለኪያና ስትሪፕ፣ ከዚያም ሴንሰር። ይህ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ሴንሰሩ ከቀደመ፣ ሕመምተኛው ሊያስተካክለው የማይችለውን ዝቅታ ሌሊቱን ሲመለከት ያድራል።