ያልተጣለ ወረቀት

በአይሁድ ልማድ የፈጣሪ ስም የተጻፈበት ወረቀት ቢያረጅም አይጣልም። የድሮዋ ካይሮ፣ የፉስጣጥ አይሁዶች ይህን ልማድ አክብረው፣ ያረጀ ጽሑፋቸውን በቤን ዕዝራ ምኩራብ ጓዳ ውስጥ ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ አጠራቀሙ። ጓዳው ጌኒዛ ይባላል።

እነሱ ያከበሩት የፈጣሪን ስም ነበር፤ ለእኛ ግን ገበያውንም አተረፉልን። ከጸሎት መጻሕፍት ጋር የነጋዴ ደብዳቤ፣ የዕዳ ሰነድና የጋብቻ ውል አብሮ ገብቷል። የሕንድ ቁንዶ በርበሬ በኤደን አልፎ ግብፅ እስኪደርስ በማን እጅ እንደተላለፈ፣ ሸሪኮች ትርፍና ኪሳራን እንዴት እንደተካፈሉ ከእነዚህ ብጥስጣሽ ወረቀቶች እናነባለን። የነገሥታት ዜና መዋዕል ይህን አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ1896 ምሁሩ ሰሎሞን ሼክተር ወደ ካይሮ ተጉዞ ከጓዳው ብዙውን ወደ ካምብሪጅ አመጣ፤ ዛሬ በካምብሪጅ ብቻ 193,000 ያህል ቁርጥራጮች አሉ። የታሪክ ምሁሩ ሽሎሞ ጎይታይን ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አንብቦ የሜዲትራኒያንን ማኅበረሰብ ሕይወት በበርካታ ቅጾች ጻፈ። የፊዚክስ ሰዎችም አገዙ፦ በታህታይ ቀይ ብርሃን ሲታይ ከብረት የተቀመመ ቀለም ይደበዝዛል፤ የጥቀርሻ ቀለም ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይፋቅ የቀለሙ ዓይነት ይለያል።

ይህ ሁሉ የተገኘው ሰዎች ያረጀ ወረቀት መጣል ስለከበዳቸው ነው። እርስዎም የአያትዎን የዕቁብ ደብተር ከመጣልዎ በፊት አንዴ ይግለጡት።