የሽማግሌዎቹ ዝምታ
ሥልጣን፣ ትዕቢትና እንቢታ በሶፎክለስ «አንቲጎኔ»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው ብሂል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ሰማይ የማይታረሰው ተፈጥሮው ስለማይፈቅድ ነው፤ ንጉሥ የማይከሰሰው ግን ከሳሽ ስለሚታጣ ነው። የመጀመሪያው የፍጥረት ሕግ ሲሆን ሁለተኛው የሰው ሥራ ነው። ግሪካዊው ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክለስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ ለአቴና መድረክ ያበረከተው «አንቲጎኔ» በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ድርሰት ነው።

ታሪኩ የታወቀ ነው። የኦዲፐስ ወንዶች ልጆች ኤቲዮክሌስና ፖሊኒኬስ በቴብስ ዙፋን ተጣልተው በጦር ሜዳ እርስ በርስ ይገዳደላሉ። ሥልጣኑን የያዘው አጎታቸው ክሪዮን፣ ከተማይቱን ሲከላከል የወደቀው ኤቲዮክሌስ በክብር እንዲቀበር፣ የባዕድ ጦር አስከትሎ የመጣው ፖሊኒኬስ ግን ሳይለቀስለትና አፈር ሳይለብስ የአሞራና የውሻ ሲሳይ ሆኖ እንዲቀር ያውጃል። አዋጁን የተላለፈ በሕዝብ እጅ በድንጋይ ተወግሮ ይሞታል። እኅታቸው አንቲጎኔ በገዛ እጇ የወንድሟን ሬሳ አፈር ታለብሳለች፤ ስትያዝም ሥራዋን አትክድም። ቀሪው ሁሉ የአዋጁና የእንቢታዋ ውጤት ነው።

ብዙዎች ይህን ተውኔት የሁለት ኃይሎች ግጥሚያ አድርገው ይመለከቱታል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል፣ አንዱ የመንግሥትን፣ ሌላይቱ የቤተሰብንና የአማልክትን ሕግ ይዘው እንደሚጋጩና ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት እንዳላቸው አስተምሯል። ይህ አስተያየት ክብደት ያለው ቢሆንም አንድ ነገር ይዘልላል። በመድረኩ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ የሚያይና የሚሰማ ሦስተኛ ወገን አለ። ይኸውም ግሪኮች ኮረስ የሚሉት፣ በኅብረት የሚናገረውና የሚያዜመው የቴብስ ሽማግሌዎች ጓድ ነው። የተውኔቱ ሥነ ምግባራዊ ጥያቄ በሙላት የሚገለጠው፣ ከክሪዮንና ከአንቲጎኔ አልፎ ወደ እነዚህ ሽማግሌዎች ሲመለከቱ ነው።

በቅድሚያ ግን ክሪዮን ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሶፎክለስ ደም የጠማው አውሬ አድርጎ አልቀረጸውም። ክሪዮን የእርስ በርስ ጦርነት ባደቀቃት ከተማ ላይ የተሾመ፣ ሥርዓትን ለመመለስ የሚሻ ሰው ነው። በመጀመሪያው ንግግሩ፣ ወዳጁን ከአገሩ የሚያስበልጥ ሰው ዋጋ እንደሌለው ይናገራል፤ ከሁሉ የከፋውም መሪ ከመልካም ምክር ርቆ በፍርሃት ምላሱን የሚያስር ነው ይላል። ይህን ንግግር ከተውኔቱ ነጥሎ ያነበበ ሰው የሚነቅፈው ነገር አያገኝም። ደራሲው የክሪዮንን የፍርድ ቃል ከራሱ ከክሪዮን አፍ አውጥቶ በመድረኩ መግቢያ ላይ አኑሮታል ማለት ነው።

ታዲያ ሥልጣን ወደ ትዕቢት የሚለወጠው የት ላይ ነው? ለውጡ በአንድ ጊዜ አይመጣም። የዘብ ጠባቂው ስለ ሬሳው መቀበር ወሬ ሲያመጣ፣ ክሪዮን ምክንያቱን ከመመርመር ይልቅ ጉቦ ተቀብላችኋል ብሎ ይደመድማል። አንቲጎኔ ፊት ለፊት ስትቆም፣ ይህች ካልተቀጣች ወንዱ እርሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም ወደሚል የክብር ሙግት ይወርዳል። ልጁ ሄሞን፣ በጎርፍ ዳር የሚያጎነብስ ዛፍ ቅርንጫፉን እንደሚያድንና ግትሩ ከነሥሩ እንደሚነቀል እያስረዳ ሲለምነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልማር ወይ ይላል። በመጨረሻም ከተማ የገዥዋ ንብረት አይደለችምን ብሎ ይጠይቃል። ለአገር ደኅንነት ብሎ የተነሣው ሰው አገሪቱ የእኔ ናት ወደሚል ደረሰ። በመካከሉ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርማት ሁሉ በጆሮው ስድብ ሆኖ ተሰማው።

አንቲጎኔም ከትዕቢት ነጻ አይደለችም። ፍርሃት የያዛትን እኅቷን ኢስሜኔን በመራራ ቃል ታርቃታለች፤ ኢስሜኔ ኋላ ተጸጽታ ሞቷን ልትካፈል ስትመጣም ትገፋታለች። በእንቢታዋ ውስጥ ክብሯን ለብቻዋ የመያዝ ፍላጎት አለ። እርሷን እንከን የለሽ ጻድቅ አድርጎ የሚያቀርብ አዘጋጅ ድርሰቱን ያቀልለዋል። ሆኖም በሁለቱ ትዕቢት መካከል ሊዘነጋ የማይገባው ልዩነት አለ፤ አንቲጎኔ የትዕቢቷን ዋጋ ከገዛ ሕይወቷ ለመክፈል ዝግጁ ናት፤ ክሪዮን ግን የእርሱን ዋጋ በሌሎች ላይ ይጥላል። የእንቢተኛና የባለሥልጣን ሥነ ምግባር በአንድ መለኪያ ሊለካ የማይችለውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስ። ክሪዮን አዋጁን ሲነግራቸው፣ በሞተውም በሕይወት ባለውም ላይ የፈለግኸውን ሕግ ማውጣት ትችላለህ ከማለት አላለፉም። የሬሳው መቀበር በተሰማ ጊዜ የአማልክት እጅ ይኖርበት ይሆን ብለው ፈራ ተባ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ክሪዮን ይቆጣቸዋል፤ እነርሱም ያፈገፍጋሉ። አንቲጎኔ በፊታቸው ቆማ፣ ፍርሃት አፋቸውን ባይዘጋው ኖሮ እነዚህ ሁሉ ሥራዬን ባመሰገኑ ነበር ስትል፣ እውነትሽን ነው የሚል አልተገኘም። አባትና ልጅ ሲከራከሩም ሁለታችሁም መልካም ተናገራችሁ ብለው በመሐል ይቆማሉ።

ሶፎክለስ ግን በዚህ ዝምታ መካከል አንዲት አጭር የንግግር ልውውጥ ጥሏል። ክሪዮን በንዴት ሁለቱንም እኅትማማቾች ሊገድል በወሰነበት ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ በርግጥ ሁለቱንም ልትገድል ነውን ብለው ይጠይቁታል። ክሪዮን ወዲያው ይመለሳል፤ ሬሳውን ያልነካችውን አልገድልም፣ መልካም ብላችኋል ይላል። ኢስሜኔ በአንድ ጥያቄ ከሞት ተረፈች! ይህች ልውውጥ በንባብም በዝግጅትም በቀላሉ ትታለፋለች፤ ነገር ግን የድርሰቱን ምሥጢር የያዘች እርሷ ናት። የክሪዮን ጆሮ ፈጽሞ አልተደፈነም ነበር። አንድ ጥያቄ አንዲት ሕይወት ካዳነ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ለምን አልተጠየቀም?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውም የቅጣት ለውጥ ልብ ሊባል ይገባል። በአዋጁ የተነገረው ቅጣት የሕዝብን እጅ የሚሻ ውግራት ነበር። ሄሞን ሕዝቡ በየጨለማው ለአንቲጎኔ እንደሚያዝን ከተናገረ በኋላ ግን ክሪዮን በሕይወቷ ዋሻ ውስጥ እንድትዘጋ ያዝዛል። ምክንያቱን ሲሰጥ ከተማይቱን ከደም ዕዳ ለመጠበቅ ነው ይላል፤ ተመልካች ግን ሌላም ነገር ይታየዋል። ድንጋይ የሚያነሣ እጅ እንደማይገኝ የጠረጠረ ገዥ፣ የሕዝብ እጅ የማያስፈልገውን ቅጣት መረጠ።

ዐይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ መጥቶ መዓቱን ከተናገረ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ በግልጽ የመከሩት፤ ሂድ፣ መጀመሪያ ልጅቱን ከዋሻው አውጣ፣ ለሬሳውም መቃብር አብጅ አሉት። ክሪዮን ምክሩን ተቀበለ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገለበጠው። መጀመሪያ ሬሳውን አጥቦና አቃጥሎ የአፈር ጉብታ አስቆለለለት፤ ከዚያ ወደ ዋሻው ሄደ። ሲደርስ አንቲጎኔ በመጎናጸፊያዋ ታንቃ ነበር። ሄሞን በአባቱ ላይ ሰይፍ መዝዞ ሲስት በራሱ ላይ መለሰው፤ እናቱ ዩሪዲኬም ወሬውን ሰምታ ራሷን ገደለች። ክሪዮን ለሞተው ሲሰግድ በሕይወት ያለችው አመለጠችው። ሽማግሌዎቹም ትክክለኛውን ቃል ተናገሩ፤ ነገር ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ነበር።

ይህ ተውኔት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የሩቅ አገር ተረት አይደለም። «ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ሬሳን መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይሻም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ ሲታይ፣ እናቶች ልቅሶ ተከልክለው ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ የሞቱት ንጉሠ ነገሥትም በቤተ መንግሥት ግቢ በስውር ተቀበሩ፤ አስከሬናቸው ተቆፍሮ የወጣው በ1984፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ አይከሰስም በተባለበት ምድር፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሳሽ በሌለው ሥልጣን እጅ በወደቁ ጊዜ መቃብር አጡ።

ሌሎችም ሕዝቦች ይህን ድርሰት በየመከራቸው ዘመን አንሥተውታል። ፈረንሳዊው ዣን አኑይ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1944 አዲስ «አንቲጎኔ» አሳየ፤ የእርሱ ክሪዮን ግን እጅግ አስተዋይ በመሆኑ ተመልካቹ ለማን እንደሚፈርድ ግራ እስኪጋባ ድረስ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ፣ በሮበን ደሴት እስረኞች ባሳዩት «አንቲጎኔ» የክሪዮንን ሚና እንደተጫወቱ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ለእንቢታቸው የታሰሩት ሰው የገዥውን ካባ ለብሰው መቆማቸው ትልቅ ትምህርት አለው፤ ነገ ሥልጣን የሚይዝ እንቢተኛ የክሪዮንን ፈተና ዛሬውኑ ሊያውቀው ይገባልና።

ስለዚህ «አንቲጎኔ»ን በአማርኛ መድረክ ላይ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ክሪዮንን በጩኸትና በጅራፍ ብቻ እንዳያሳየው መጠንቀቅ አለበት። ሽማግሌዎቹንም ዳር ላይ ቆሞ ዜማ የሚያሰማ ጌጥ አድርጎ አያስቀራቸው። ለዙፋኑ እንዲቀርቡ፣ ፊታቸው እንዲታይ፣ በርግጥ ሁለቱንም ልትገድል ነውን የምትለዋ ጥያቄም በአዳራሹ ውስጥ ጸጥታ ፈጥራ እንድትሰማ ያድርግ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጉባኤው አዋጅ ሲነበብ ከፊት የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ክሪዮንን ለመሆን ሥልጣን፣ አንቲጎኔን ለመሆን ታላቅ ድፍረት ያስፈልጋል። ያን አንድ ጥያቄ በጊዜው ለመጠየቅ ግን ሁለቱም አያስፈልጉም።