የቀለም ሰው፦ ፕሪሞ ሌቪ ከፋብሪካ እስከ ድርሰት

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። ብዕር የሚነከርበትም፣ ግድግዳ የሚቀባበትም፣ ተማሪ የሚቆጥረውም ቀለም ይባላል። ጣሊያናዊውን ደራሲ ፕሪሞ ሌቪን «የቀለም ሰው» ብሎ ለሚጠራ እንግዲህ ቃሉ በሦስቱም ፍቺው ይሠራለታል። ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1919 በቱሪን ከተማ ተወለደ፤ በ1941 ከከተማው ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቀ፤ ከጦርነቱ በኋላም ሠላሳ ዓመት ያህል ኑሮውን የገፋው በቀለምና በቫርኒሽ ፋብሪካ ውስጥ፣ በመጀመሪያ በኬሚስትነት ኋላም በሥራ አስኪያጅነት ነው። ቀን የቀለም በርሜል፣ ማታ የቀለም ብልቃጥ።

ስለ ሌቪ ሲወሳ አስቀድሞ የሚነሣው በ1947 የታተመው የአውሽቪትዝ ምስክርነቱ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁንና አንባቢነቱ፣ ተመራማሪነቱና ደራሲነቱ በአንድ ማሰሮ የበሰሉት በ1975 ባወጣው «የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ» በተሰኘው መጽሐፉ ነው። ሃያ አንዱ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው በአንድ ንጥረ ነገር ስም ተሰይመዋል፦ አርጎን፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ፎስፎረስ እያለ እስከ ካርቦን ይዘልቃል። ንድፉ ሲሰማ ተማሪ ለማማለል የታቀደ የመምህር ብልኃት ይመስላል፤ አንባቢው ግን ሁለት ሦስት ምዕራፍ ሳይገፋ ንድፉን ይረሳዋል።

ለምሳሌ «ክሮም» የተሰኘውን ምዕራፍ እንመልከት። ትረካው የሚጀምረው በምሳ ገበታ ዙሪያ በሚደረግ የባለሙያዎች ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ በአሮጌ የቫርኒሽ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ፣ የተልባ ዘይት ተፍልቶ ሊያበቃ ሲል ሁለት ቁራጭ ሽንኩርት ይጨመርበት የሚል ትእዛዝ ማግኘቱን ያወራል። ሽንኩርት ለቫርኒሽ ምን ይረባል? መልሱ የተገኘው ከአንድ አረጋዊ የሙያ ሰው ዘንድ ነው፤ በቴርሞሜትር መሥራት ባልተለመደበት ዘመን ዘይቱ ለመብሰሉ ምልክቱ የሽንኩርቱ መጠበስ ነበር። ቴርሞሜትሩ መጣ፤ ሽንኩርቱ ግን በወረቀቱ ላይ ቀረ። (አያቱ ወጥ ስትሠራ ከጉልቻው አጠገብ ተቀምጦ ላደገ አንባቢ እንቆቅልሹ ገና ሳይነገር የተፈታ ነው።)

ከዚህ ቀጥሎ የሌቪ የራሱ ታሪክ ይመጣል። ከጦርነቱ ተመልሶ በተቀጠረበት ፋብሪካ ውስጥ እንደ ሙጫ እየረጋ ለቅብ የማይሆን ቀለም ተከምሯል፤ ምክንያቱን ፈልግ ይባላል። ሌቪ የቆዩ መዛግብትን ሲያገላብጥ የጥሬ ዕቃው የምርመራ መመሪያ «23 ጠብታ» የሚል ሆኖ ያገኘዋል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ሲመረምር የቀደመው ካርድ «2 ወይም 3 ጠብታ» ይል ነበር። «ወይም» የምትለው ቃል ደብዝዛ ኖሮ ገልባጩ ዘለላት፤ ከዚያ በኋላ የማያልፈው ጥሬ ዕቃ ሁሉ ፈተናውን እያለፈ ገባ። ከብራና መጻሕፍት ጋር የዋለ ሰው ይህን በሽታ አሳምሮ ያውቀዋል። ኬሚስቱ እዚህ ላይ የሠራው ሥራ ሁለት ቅጂ እያስተያየ የዋናውን ጽሑፍ ቃል የሚፈልግ ሊቅ ሥራ ነው። የረጋውን ቀለም በአሞኒየም ክሎራይድ አዳነው፤ ሌቪ ፋብሪካውን ለቅቆ ከሄደ፣ መጥፎው ጥሬ ዕቃም ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን አሞኒየም ክሎራይዱ በቀመሩ ውስጥ ሲጨመር ይኖራል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ሽንኩርት ይኸውና! ደራሲው ስለ ልማድ ኃይል አንድም ስብከት አላሰማም። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለመጻፍ ወንበዴና ሽጉጥ ግዴታ የሚመስላቸው ጸሐፍት ይህን ምዕራፍ ሊያነብቡት ይገባል፤ በውስጡ ያለው የተረጋ ቀለምና «ለምን?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነውና።

በ«ዚንክ» ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ተማሪው ሌቪ እጅግ ንጹሕ የሆነ ዚንክ አሲድን እንደሚቋቋም፣ ጥቂት ባዕድ ነገር ሲገባበት ግን ወዲያው እንደሚፈላ ይማራል። ይህን የላቦራቶሪ ትምህርት የሚማረው የፋሺስቱ መንግሥት ስለ ዘር ንጽሕና ሌት ተቀን በሚለፍፍበት አገር ነው፤ እሱ ራሱ አይሁዳዊ ስለሆነ በ1938 በወጣው የዘር ሕግ «ባዕድ» ከተባሉት መካከል ነው። ታዲያ ሕይወት እንዲንቀሳቀስ ባዕዱ ያስፈልጋል ብሎ ራሱን ከቆሻሻው ወገን ያሰልፋል፤ ያውም በኩራት። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የሚጨምረው አለው። በ1937 ይኸው መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ አውጥቶ ነበር። ሌቪ በምዕራፉ ውስጥ ይህን አያነሣም፤ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ «ዚንክ»ን የሚያነብብ ሰው ግን ሳያነሣው አያልፍም።

«ሴሪየም» ላይ ሲደረስ የማወቅ ጉጉት የዳቦ ጉዳይ ይሆናል። እስረኛ ቁጥር 174517 ከካምፑ ላቦራቶሪ ምንነታቸውን የማያውቃቸውን ግራጫ ዘንጎች ይሰርቃል፤ በስለት ሲፋቁ ብልጭታ ይተፋሉ። ከጓደኛው ከአልቤርቶ ጋር ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበው እየፋቁ የላይተር ድንጋይ ያደርጓቸዋል። የአንዱ ድንጋይ ዋጋ የአንድ ቀን ዳቦ፣ ማለትም የአንድ ቀን ዕድሜ ነው። አልቤርቶ ከዚያ በሕይወት አልተመለሰም። አረፍተ ነገሮቹ የላቦራቶሪ ዘገባ ያህል አጫጭርና ደረቅ ናቸው፤ ዋይታ የለም፣ ቅጽል የለም ማለት ይቻላል።

የሌቪ ብዕር ሁልጊዜ በዚህ ከፍታ አይገኝም። በ1966 በብዕር ስም ባሳተማቸው ምናባዊ ታሪኮች ውስጥ አንድ ገጣሚ ሥራ ሲበዛበት ግጥም የሚገጥም መሣሪያ የሚገዛበት፣ በተውኔት መልክ የተጻፈ ድርሰት አለ። መሣሪያዎች በእርግጥ ስንኝ በሚቋጥሩበት በአሁኑ ዘመን ሲነበብ ያስቃል፤ ያስደነግጣልም። ሆኖም መሣሪያው ከተዋወቀ በኋላ ገጣሚው፣ ጸሐፊዋና ሻጩ ከስማቸው በቀር የራሳቸው ሕይወት አይኖራቸውም። ለመድረክ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ሌቪ ኖሮበት የሚያውቀውን ነገር ሲተርክና አስቦ የፈጠረውን መሣሪያ ሲያስተዋውቅ እኩል ደራሲ አይደለም።

አንባቢው ሌቪ ከደራሲው ሌቪ አያንስም። በ1981 የወደዳቸውን ጽሑፎች በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ «የሥሮች ፍለጋ» ሲል አወጣ። መጀመሪያው መጽሐፈ ኢዮብ ነው፤ መጨረሻው ስለ ጥቁር የኅዋ ጉድጓዶች የተጻፈ የሳይንስ ጽሑፍ። በመካከሉ ሆሜር፣ ራብሌ፣ ዳርዊንና ኮንራድ አሉ፤ ከእነሱም ጋር ሙጫ በረሮ ይቋቋም እንደሆነ የሚፈተሽበት ደረቅ የቴክኒክ መመሪያ ማዕረግ ሳይለይ ተቀምጧል። ስለ ጥንዚዛና ስለ ቁንጫ ዝላይ የጻፋቸው መጣጥፎችም የዚሁ ዓይን ፍሬዎች ናቸው።

አከራካሪው ነገር ከዚህ ይነሣል። በ1976 ባሳተመው መጣጥፍ ጸሐፊ ግልጽ ሆኖ የመጻፍ ግዴታ እንዳለበት አጥብቆ ተከራከረ፤ የፓውል ሴላንን የመሰለ ሥውር ግጥም በሞት አፋፍ ካለ ሰው ጣር ጋር አስተያየው። የፋብሪካ ሰው ይህን ማለቱ አይደንቅም፤ «2 ወይም 3» ደብዝዞ ምን እንዳስከተለ በዓይኑ አይቷል። ግጥም ግን የምርመራ ካርድ አይደለም፤ ሌቪም በንድፈ ሐሳቡ ያባረረውን በንባቡ መልሶ አስገብቶታል። ሴላን ስለ ሞት ካምፕ የጻፈው የታወቀው ግጥም በ«ሥሮች ፍለጋ» ውስጥ ከሙጫው መመሪያ ጋር በአንድ ጥራዝ ታትሟል። ሁለት ዓመት ቆይቶም በ1983 የካፍካን «ፍርድ ሂደት» ወደ ጣሊያንኛ መለሰ፤ ከዚያ ትርጉም የወጣው ከሕመም እንደሚነሣ ሰው ሆኖ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።